ተራውን የሚጠብቅ ጥርስ

ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ አመለወርቅ መንጋጋቸው አብጦ እንቅልፍ ቢነሳቸው ሆስፒታል ሄዱ። ካርድ ክፍሉ ለመጪው ዓመት ጥቅምት ቀጠራቸው። ሕመሙ አላስቆም አላስቀምጥ ሲላቸው በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው አቤት አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ሳይነሳ መነጽሩን እየወለወለ፣ "ስሙ እናቴ፣ እኔ በማስተዳድረው ሆስፒታል የሚኒስትር ጥርስም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል" አላቸው።

"ተራ የሚጠብቀው ጥርሱ ነው፣ ጌታዬ?" ሲሉ ጠየቁት።

"አዎ፣ ጥርሱ ነው" አለ፣ በገዛ አነጋገሩ ኮራ ብሎ።

እትዬ አመለወርቅ ጉንጫቸውን በነጠላቸው ደግፈው፣ "እንግዲያው የኔን አሁኑኑ ንቀሉና እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጡት። እሱ እስከ ጥቅምት ተራውን ይጠብቅ፤ እኔ ወደ ገበያዬ ልሂድ" አሉት።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አጠለቀና የጥርስ ሐኪሙን አስጠራ።