የአስለቃሿ እንባ

አንዲት አስለቃሽ ነበረች፤ ደብሪቱ የምትባል። ያኔ፣ በደጉ ጊዜ፣ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰው መጀመሪያ "ማን ሞተ?" ይላል፤ ቀጥሎ "ደብሪቱ መጥታለች?" ብሎ ይጠይቃል። እሷ ሙሾውን ስታወርድ ጓደኛዋ ትብለጥ ከጎኗ ሆና ትቀበላታለች። ሁለቱ ድንኳን ከገቡ፣ አልቅሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ይወስዳል። ሲመለሱ ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ መንገዱን ሁሉ ሲሳሳቁ ነው የሚሄዱት።

አንድ ቀን ከቀብር ሲመለሱ ትብለጥ፣ "ለእኔስ ማን ያወርድልኛል?" አለች።

"እኔ ነኛ! ምን ማለትሽ ነው?"

"አንቺ ቀድመሽ ከሄድሽስ?"

"እንግዲያው አንቺ ታወርጂልኛለሽ። የቀረችው ለሄደችው፤ በቃ።"

በዚሁ ተማማሉ።

ዓመታት አለፉና የደብሪቱ አእምሮ ታወከ። ማንም ሳይሞት ለቅሶ ይሰማት ጀመር። የደህና ሰው ደጅ ቆማ ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ፣ ባለቤቱ ምሳውን ትቶ ይወጣና "ኧረ አለሁ እኮ!" ይላታል። አንዳንዱ ሳቀ፤ ብዙው ግን ሟርተኛ ብሎ በሩን ዘጋባት። ያልዘጋችባት ትብለጥ ብቻ ነበረች። ጸበል አስጠመቀቻት፤ ቀጥሎም እጇን ይዛ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት።

ሐኪሙ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሰጣት፤ ኪኒኑም ሠራ። የማይታየው ለቅሶ ዝም አለ። ደብሪቱ ተኛች፣ በላች፣ ጎረቤቶቿንም በየስማቸው ጠራች። ትብለጥ እልል ብላ ስለቷን አስገባች።

ነገር ግን ከዚያ ለቅሶ ጋር እንባዋም ሄደ። ድንኳን ገብታ ብትቀመጥ ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ስንኙም ከአፏ አልመጣ አላት። ልቧ በወፍራም ጋቢ የተጠቀለለ መሰላት። ከዚያ ወዲያ ጥሩምባ ሲነፋ በሯን ዘግታ ያንን ጊዜ ታስባለች። ትብለጥ እየተቀበለች ስትመልስላት፣ መንደሩ አብሮ ሲያነባ፣ ሲመለሱ የሚስቁት ሳቅ። "ወይ ጊዜ!" ትላለች። ናፍቆቱ እንኳ እንባ አላመጣላትም።

ሐኪሙ በየቀጠሮው "እንዴት ነዎት?" ይላታል።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እንቅልፍስ?"

"ይመስገን።"

"ያ ድምፅስ?"

"የለም፣ ይመስገን።"

ደግ የዋለልኝን ሰው እንዴት አማርርበታለሁ ብላ ነው። እኛ እኮ ሐኪም ፊት ቀርበን እንኳ የምንመልሰው ሰላምታ ነው።

ከዚያ ትብለጥ ታመመች፤ የማትነሣበት ሕመም። ደብሪቱ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ቃሏን አሰበች። በደረቅ ዓይን እንዴት አድርጌ ልሸኛት ነው ብላ ደነገጠች። ለማንም ሳትናገር ኪኒኑን መዋጥ አቆመች። ትንሽ ሰንብቶ እንባዋ ተመለሰ፤ እንዴት ደስ አላት! ቆይቶ ግን ያ ለቅሶም ተመለሰ። እሱንም ደበቀችው።

ትብለጥ ያረፈች ዕለት ደብሪቱ ድንኳኑ መሐል ቆመች። እንደ ድሮዋ ጀመረች፤ ሰውም እንደ ድሮው አነባ። ድንገት ያ የማይታየው ለቅሶ የሰው ስም ጠራላት። ደብሪቱ ወደ ትብለጥ ልጅ ወደ ስንዱ ዞረች። እናቷ ሞታባት የቆመችውን ልጅ፣ "ወይኔ ስንዱ፣ ቀብረንሽ መጣን" እያለች ሙሾ አወረደችላት። ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። አንዱ "አፍሽን ዝጊ፣ ሟርተኛ!" ብሎ ጮኸ። ደግፈው ከድንኳኑ አወጧት፤ ትብለጥም ያለ ደብሪቱ ሙሾ ተቀበረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ዳግመኛ ዓይኗን አያይም ነበር። ስንዱ ግን እናቷ እንዳደረገችው እጇን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደቻት።

"እናቴ፣ መድኃኒቱን ለምን አቆሙት?" አለ ሐኪሙ።

"እንባዬን ወሰደብኝ፣ ዶክተር። እኔ አስለቃሽ ነኝ። ለጓደኛዬ የማለቅስበት አጣሁ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ደህና ነኝ ሲሉኝ?"

"እንባዬን መልሱልኝ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አለ እንዴ?"

ሐኪሙ ሊስቅ ነበር፤ ተወው። "እኔም ጸጥ ሲሉ ጊዜ ዳኑ ብዬ ተቀመጥኩ" አላት። "ጥፋቱ የሁለታችን ነው። መድኃኒቱ ያስፈልግዎታል፤ ለእርስዎ ግን ገና አልተስተካከለም። ተነጋግረን እናስተካክለዋለን። ብቻዎን እንዳያቆሙት፤ አደራ!"

ማስተካከሉ ቀላል አልነበረም። አንዱ መድኃኒት እጇን አንቀጠቀጠው፤ ሌላው ቀኑን ሙሉ አስተኛት። እሷ አሁን ሳትደብቅ ነገረችው፤ እሱም እየሰማ መጠኑን ለወጠ።

የትብለጥ ሙት ዓመት ደረሰ። ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሳለ ስንዱ መጣች። "እትዬ ደብሪቱ፣ እናቴ እየጠበቀችሽ ነው እኮ" አለቻት። ሰው ሁሉ ፈራ። ደብሪቱ ተነሣች። ድምፅዋ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ዝቅ ያለና የሻከረ ነበር።

"ሙሾ ሳወርድልሽ ተቀባይ አጣሁኝ፣
እስቲ ተቀበዪኝ፣ ብቻዬን ቀረሁኝ።"

ብላ ቆመች። ትብለጥ የምትቀበልበት ቦታ ባዶ ነበር። ስንዱ ከጎኗ ገብታ፣ ልክ በእናቷ ድምፅ፣ ተቀበለቻት። ያን ጊዜ የደብሪቱ እንባ መጣ። እንደ ድሮው አይጎርፍም፤ ትንሽ ነው፤ ግን የራሷ ነው። ሲመለሱም ሁለቱ መንገድ ላይ ሳቁ።

ወዳጆቼ፣ የአእምሮ መድኃኒት የሚሰጠው አለ፤ አንዳንዴም የሚወስደው አለ። የወሰደብንን ደብቀን መድኃኒቱን ብንጥለው ሁለቱንም እናጣለን። አፍ አውጥተን ብንናገር ግን መላ አይጠፋም። ሐኪምም ቤተሰብም በሽተኛው ጸጥ ማለቱን ሲያይ "ተመስገን" ይበል፤ ከዚያ "ምን ጎደለብህ?" ብሎ ይጠይቅ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በቤታችሁ "ደህና ነኝ፣ ይመስገን" እያለ የሚኖር ሰው የለም? ደግማችሁስ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?