የዘሃራ አሥር ደቂቃ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጨው የበዛበት ነውና ውሃ አዘጋጁ።

ዘሃራ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከድር ደሴ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ዕድሜው ሠላሳ ሦስት፤ ጉንጩ በጫት የተወጠረ፣ ከጣቱ ሲጋራ የማይለይ፣ ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ የማይነሳ። አባቱ በአርባ ዓመቱ «ደረቴን!» እንዳለ ነው የቀረው። ከድርንም ራሱን ሲያመው ሰነበተ። ታክሲ ተራው ጥግ ሲስተር እንግዳዬ ጠረጴዛ ዘርግታ ደም ግፊት በነፃ ትለካለች። ዘሃራ የፈለገችው ይቺኑ ነው፤ አሥር ደቂቃ።

«ከድርዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ውረድ፣ ተለካ።»

«ግፊት የሽማግሌ በሽታ ነው! ደግሞ ከወረድኩ ተራ አስከባሪው ተራዬን ለሌላ ይሰጥብኛል።»

አይ ወንድ! ወደ ተራ አስከባሪው ሄደች። «ጋሼ ሙሄ፣ ተራውን ያዝለት፤ ከድር ይውረድ፣ ይለካ።»

«እኔ ምን ቸገረኝ? ታክሲው ከቆመ ያቺ ተሳፋሪ ናት የምትጮህብኝ።»

ወደ ተሳፋሪዋ ሄደች፤ ትርሲት ትባላለች፣ የቢሮ ጸሐፊ ናት። «እህቴ፣ አትጩሂ፤ ሙሄ ተራውን ይያዝ፤ ከድር ይውረድ፣ ይለካ።»

«ወይ ጣጣ! አለቃዬ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ።»

ተከትላት ቢሮ ድረስ ሄደች። አለቃው አቶ መንበሩ ገና ሠላሳ ስምንቱ ነው፤ ሆዱ ግን ቀበቶውን አልፏል። «ጌታዬ፣ በር ላይ አይቁሙ፤ ትርሲት አትጩህ፤ ሙሄ ተራውን ይያዝ፤ ከድር ይውረድ፣ ይለካ። አሥር ደቂቃ ብቻ!»

ደረቱን እያሸ ሳቀባት። «ሴትዮ፣ እኔ ራሴ ይኸው ደረቴን እያቃጠለኝ፣ ጨጓራ ነው ብዬ ሥራ ላይ ነኝ። አሥር ደቂቃ ከየት ላምጣ?»

«አሥር ደቂቃ አላህ ይንሳህ!» ብላው ወጣች። ተናዳ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለችም።

በማግስቱ ጠዋት ትርሲት ታክሲ ተራው ላይ ስልክ ተደወለላት። አቶ መንበሩ ሞቷል፤ ጨጓራ ያለው ልቡ ኖሯል።

አለቃው በር ላይ አልቆመም፤ ትርሲት አልጮኸችም፤ ሙሄ ተራውን ያዘ፤ ከድር ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ፤ ተለካ። መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ!

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ተሸክመህ ነው ሰው የምትጭነው?» አለችው ሲስተር እንግዳዬ። «ዛሬውኑ ሆስፒታል! ጫት በቃ፣ ሲጋራ በቃ፣ ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ። መድኃኒቱንም ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ።»

ዘሃራ ደስ አላት። ወዲያው ደስታዋ አሳፈራት።

ለቅሶ ቤት ሄዳ ከዘመድ በላይ አለቀሰች። የሟች ሚስት ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። «የኔ እናት፣ ባሌን በምን ታውቂው ነበር?» አለቻት።

«ለባሌ አሥር ደቂቃ ለምኜው ነበር» አለች ዘሃራ። «ሰጠኝ።»