ቃሬዛ ካልመጣ የማይታመም ሰው

ልጄ አስካለች፣ «ባሌ ጎኑን ይዞ ያድራል፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ ስለው ግን ለምን ይቆጣኛል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ከባድ ነገር ላይ ጣልሽኝ። መልሱ የወንዶች ምስጢር ነው፤ ለሴት ማውጣቱም ነውር ነው። ስለዚህ ከመናገሬ በፊት በሕይወት ያሉትን ወንዶች ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሞቱትን አልጠይቅም፤ አብዛኞቹ በዚሁ ነገር ስለሞቱ አይቀየሙኝም።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። አገሩ ገደላማ ስለሆነ መኪና አይገባበትም፤ ሰው ሲታመም ጎረቤት ይሰበሰብና በቃሬዛ ተሸክሞ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል። ደግ ልማድ ነው። ከዚህ ደግ ልማድ ግን አንድ ሕግ በቅሎ ነበር፤ የደነገገው የለም፣ የማያውቀውም የለም። በቃሬዛ የሄደ ወንድ ታሟል። በእግሩ የሄደ ወንድ ግን ታሞ ሳይሆን ፈርቶ ነው።

ገበሬው ከተሸካሚዎቹ ሁሉ የበረታ ነበር። በቁልቁለቱ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው ከፊት በሚይዘው ሰው ላይ ነው፤ ከፊት የሚይዘውም ምንጊዜም እሱ ነበር።

አንድ ዓመት የበኩር ልጁ ሞተበት። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ አንተ ወንድ ነህ» አለው፤ እሱም እሺ ብሎ ወንድ ሆነ። አላለቀሰም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለው፤ እህል አልወርድ አለው፤ ደረቱም ሥር ውጋት ገባ። ለሰው ትንፍሽ አላለም። እርሻ ላይ ሲሆን ብቻ ለግራው በሬ ይነግረው ነበር፤ ሚስቱ ምሳ ስታደርስለት ሰምታዋለች። በሬው ጥሩ አድማጭ ነው። አንድ ቀንም «አንተ ወንድ ነህ» አላለውም።

ያው በሬ አንድ ሰሞን ማሳል ጀመረ። ገበሬው ወዲያው ከቀንበር ፈታው፤ እየነዳ ወንዙን አሻግሮ ለእንስሳት ሐኪም አሳየው፤ መርፌ አስወጋው፤ ሲመለሱም እንዲያርፍ ብሎ ያለ ሥራ አዋለው። ሚስቱ ይህን አይታ ተናገረችው።

«አንተ ሰውዬ፣ በሬው በእግሩ ሄዶ ታክሞ መጣ። ፈሪ በሬ ያለው አለ?»

«በሬ ምን አለበት! ይሉኝታ የለው።»

«ጤና ጣቢያው እኮ ከከብቱ ሐኪም አጥር ለአጥር ነው። እግረ መንገድህን ብትታይ ምን ነበረበት?»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«ቢያይህ ይይህ! ይበላሃል?»

«ተይኝ እስቲ። የሚጥል ነገር ከሆነ ራሱ ይጥለኛል፤ ያኔ ይሸከሙኛል» አላት። ይህን ሲል ፊቱ ነገሩን ጨርሶ እንዳሰበ ሰው የረጋ ነበር።

ሰነባብቶ አንድ ጎረቤት ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ገበሬው እንደ ወትሮው ከፊት ይዞ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ነርሷ እግረ ሰባራውን አስተኝታ ቀና ስትል ተሸካሚውን አየችው። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትንፋሹ አልመለስ ብሏል።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡ። ደረትዎን ላድምጠው» አለችው።

በሩ ክፍት ነበር። ገበሬው አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አነሣ።

ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ጓደኞቹ ሳቁ። በክፋት አይደለም፤ ከፍቅራቸው የተነሣ ነው የሳቁት። አንዱም «እሱን ነው? እህቴ፣ እሱ ታሟል ካልሽ እኛን በቁማችን ቅበሪን!» አላት።

ገበሬው እግሩን መለሰ። «እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ የታመመው ያውልሽ» አለ። እንዳይጠራጠሩትም ባዶውን ቃሬዛ ብቻውን ትከሻው ላይ ጣለና ዳገቱን ተያያዘው። ጓደኞቹ እያደነቁ ተከተሉት።

አጋማሹ ላይ ሲደርስ ቃሬዛውን አወረደና ተቀመጠበት። ትንሽ ቆይቶ ተጋደመበት። የሚያሾፍባቸው መስሏቸው «ተነሥ እንጂ፣ ያላንተ ማን ሊሸከምህ ነው?» እያሉ ቀለዱ። ቀርበው ሲነኩት ግን አልመለሰላቸውም። ያን ጊዜ በሕጉ መሠረት መታመሙን አመኑ፤ አንሥተውም ቁልቁል እየሮጡ መለሱት። ነርሷ ደረቱን አደመጠች። የሚደመጥ ነገር አላገኘችም።

በቀብሩ ላይ «አንድ ቀን ታሞ የማያውቅ!» እያሉ አሞገሱት። እውነታቸውን ነው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ «ሂዱና በሬውን ጠይቁት» አለች፤ ሐዘን አእምሮዋን ነክቶት ነው ብለው ውሃ አጠጧት።

እንግዲህ ልጄ፣ ገበሬው ባልሽ ነው። ወንድ ሕመሙን አያውቅም እንዳትይ፤ አሳምሮ ያውቃል። ሞትን ይንቃል ያሉሽም እንደሆነ አትቀበያቸው፤ እንደ ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ከሞት ይልቅ የሚፈራው ግን ደጃፍ ላይ የተቀመጡትን ነው። ደጃፍ ላይ የተቀመጥነው ደግሞ ጠላቶቹ አይደለንም፤ የሚወዱት ነን። ለወደቀ ወንድ ትከሻችን ሞልቷል፤ ለቆመ ወንድ ግን ጆሮ የለንም። ስለዚህ እንድንሰማው ብሎ ይወድቃል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ብለሽ አትዩኝ። የጠየቅሽኝ ለምን ብለሽ ነው፤ ነገርኩሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ይህን ለማንም አትድገሚ፤ ለባልሽ ጓደኞችማ ጨርሶ አታንሺላቸው። የሰሙ እንደሆነ አንዱ ደፍሮ በእግሩ ይሄዳል፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ይከተላሉ። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ ስንሞት መኖራችን ሊታወቅብን ነው።