ባለ ነጥቡ ነጋዴና የታላቅ ወንድሙ ቤት

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ስሙ አጥናፉ ይባላል። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ባሕር ተሻግሮ ወደ አንዲት የንግድ ከተማ ይሄዳል፤ የመጋረጃና የሶፋ ጨርቅ አስጭኖ ይመለሳል። ከተማይቱን በስም አልጠራትም፤ ፎቆቿ ረጃጅም፣ ሙቀቷ ጨካኝ ነው ካልኳችሁ የሄደባት ሰው ያውቃታል።

አጥናፉ እንደ ሌላው ነጋዴ አይደለም። ሌላው ነጋዴ ጨርቁን ተከራክሮ በርካሽ ይገዛና ያተረፈውን ለሆቴልና ለባንክ አፍስሶ ይመጣል። እሱ ግን በየትም በኩል አያፈስም። ከባንክ ባንክ ዞሮ፣ ውጭ አገር ሲከፍሉበት የምንዛሪ ኮሚሽን የማይቆርጥ ካርድ አወጣ። የሚያርፍበትንም ሆቴል አይቀይርም። ሆቴሉ ደጋግሞ ለሚመጣ እንግዳ በየአዳሩ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ነጻ አዳር ይሆናል። በዚያ ላይ ደረጃ አለው። አጥናፉ ብር ደረጃን አልፎ ወርቅ ደረጃ ደርሷል፤ ወርቅ ደረጃ የደረሰ ሰው ቁርስ በነጻ ይበላል፣ ባሕር የሚያይ ክፍል ይሰጠዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ነጋዴ ሁሉ ሱቁ እየመጣ ምክር ይጠይቀዋል፤ እሱም ሳይሰስት ያስረዳል። ብልህ ሰው ነው፤ ይህን እኔም አልክድም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያችው ከተማ የአጥናፉ ታላቅ ወንድም ይኖራል። ዘለቀ ይባላል፤ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። አባታቸው ሲሞት አጥናፉ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ነበር። ዘለቀ ትምህርቱን ትቶ ሸክም ገባ፣ ወንድሙን አስተማረ፤ ኋላም የመጀመሪያዋን ሱቅ የከፈተለት ከዚያው ከሙቀት አገር በላከው ገንዘብ ነው። አጥናፉ እስከ ዛሬ «ጋሼ» ይለዋል እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ዘለቀ የሚኖረው ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ በደባልነት ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግን ወግ አለው። የአንዱ ዘመድ ከአገር ሲመጣ የሁሉም እንግዳ ነው። የሌሊት ፈረቃ ያለበት አልጋውን ይለቃል፣ አንዱ ሥጋ ይገዛል፣ ሌላው ሽንኩርቱን ያቁላላል፤ እንግዳው መሃል ተቀምጦ የአገሩን ወሬ አንድ ሳያስቀር ያወራል። ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማንን ቀበርን፣ ያ የተጀመረው መንገድ የት ደረሰ። በዚያ አገር ሰው የሚሰነብተው በዚህ ነው። እንግዳ የመጣለት ሰው ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

አጥናፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጣ ነው ሲባል ዘለቀ አዲስ አንሶላ ገዛ። «ወንድሜ ሊመጣ ነው» ብሎ ያልነገረው ሰው አልነበረም። አጥናፉ መጣ፤ ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። ሥጋው ገና እሳት ላይ እንዳለ ግን እንግዳው ሰዓቱን አየ።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ሆቴል ይዣለሁ። ካላደርኩበት ነጥቡ ይቀርብኛል» አለ።

«ነጥብ ምንድን ነው?»

አስረዳው። ዘለቀ ከነገሩ ግማሹም አልገባውም፤ ወንድሙ ሲያስረዳ ማየት ግን ደስ ይለዋል። «ይሁና፤ እንግዲያው ነገ ትመጣለህ» አለው። በማግሥቱ አጥናፉ ዕቃ ሲያስጭን ዋለና ሳይመጣ ቀረ።

በሚቀጥለው ጉዞም ሆቴል፣ ከዚያ በኋላም ሆቴል። ደባሎቹ ቀልድ ጀመሩ። «ጋሽ ዘለቀ፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ሲባል ነበር የምናውቀው፤ ያንተ ዘመድ ግን ከነጥቡ ሆነ!» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ምን ያድርግ? ብቻውን ሲሆን አንሶላውን አጣጥፎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

አደራ፣ አጥናፉ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ወንድሙን ይወዳል። ለመሆኑ ያን ሁሉ ነጥብ የሚያጠራቅመው ለማን ሆነና! በልቡ የያዘው ሐሳብ ነበረው። ነጥቡ ሲሞላ ለወንድሙ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ባሕር ዳር ባለው በትልቁ ሆቴል፣ ምግቡም መኝታውም በነጻ። ዕድሜውን ሙሉ ለተሸከመ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል? ነጥቡም ሞላ። እሱ በዚያ ሰሞን ሱቁን ጥሎ መሄድ አልቻለም፤ ክፍሉን በዘለቀ ስም አስያዘና ደወለለት። ደስታው ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ በቃ ንጉሥ ትሆናለህ!»

ዘለቀ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ሄደ። አንድ ሌሊት አደረ፤ በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ደባሎቹ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የወንድሙን ስልክ ማንሳት ተወ። አጥናፉ ቢደውል፣ ቢደውል መልስ የለም። በመጨረሻ አንዲት መልእክት መጣች፤ «ደህና ነኝ። ከእንግዲህ ለእኔ አትድከም» ትላለች።

አጥናፉ ክው አለ። መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ፈራ። አባት ሆኖ ያሳደጋችሁ ሰው ፊቱን ሲያዞርባችሁ ምን እንደሚሰማ አስቡት። ሌላ ጋሼ የለው። ምግብ አልበላ አለው፣ ሱቅ መክፈት አስጠላው።

እዚያው ገበያ ውስጥ እትዬ አስካለ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ድሮ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ዛሬ ሱቁን ለልጃቸው አስረክበው፣ በር ላይ ተቀምጠው የሰው ጠብ ያበርዳሉ። አጥናፉ እሳቸው ዘንድ ሄዶ ሆዱን ዘረገፈው።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱኝ፣ እትዬ! ሀብታም እንኳ ዋጋውን ሰምቶ የሚያመነታበትን ክፍል ሰጠሁት። ምን በደልኩ?»

«ቆይ፣ ረጋ በል። እኔም የምጠይቅህ ነገር አለኝ» አሉት። «ይቺ ልጄ እዚያው አገር ዕቃ ልታመጣ ልትሄድ ነው። በካርድ ስከፍል እንዳልበላ ምን ላድርግ ትለኛለች። አንተ ታውቅበታለህ አሉ፤ ምን ልበላት?»

አጥናፉ ምንም ቢያዝን፣ በዚህ ጉዳይ ተጠይቆ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ይሄማ ቀላል ነው፣ እትዬ። ካርዷን ስትሰጣቸው ማሽኑ ይጠይቃታል፤ በካርድሽ ገንዘብ ትከፍያለሽ ወይስ በሄድሽበት አገር ገንዘብ? ይላታል። ሰው የለመደው ገንዘብ ይቀለዋልና በካርዴ ገንዘብ ይላል። እዚያ ላይ ነው የሚበላው! መንዛሪው መሃል ገብቶ የፈለገውን ይቆርጣል። በአገሩ ገንዘብ ትበል፤ ተቀባዩ በሚያውቀው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ!»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ታዲያ አንተ ለወንድምህ በማን ገንዘብ ከፈልክ?»

«እንዴት ማለት?» አለ አጥናፉ።

«ባሕር የሚያይ ክፍል ያንተ ገንዘብ ነው» አሉ አሮጊቷ። «አንተን ነው ደስ የሚልህ። ጋሼህ ባሕር አማረኝ ብሎህ ያውቃል? የላክኸው ፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም። እሱ ዘንድ ሲደርስ ግን ‹ቤትህ አላድርም፤ አንተም ከቤትህ ወጥተህ እደር› ሆኖ ደረሰ። ለወንድምህ የላክኸውን መንዛሪ በላው።»

«ታዲያ የእሱ ገንዘብ ምንድን ነው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል ሰምተህ አታውቅም? ተነስ፣ ሂድ። ደግሞ ያንን ስልክህን ኪስህ ክተት፤ እጅህ ላይ ከሆነ ሆቴል ትይዝበታለህ፣ አውቅሃለሁ!»

ሄደ። ገና አውሮፕላን ማረፊያው እንደደረሰ ስልኩ ጮኸ፤ የሆቴሉ መልእክት ነው። በዚህ ጉዞ ካላደርክ የወርቅ ደረጃህ ይነሳል ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አመነታ። የለመደ ነገር መቼ በቀላሉ ይለቃል? «አንድ ቀን እዚያ ባድርና ነገ ጋሼ ዘንድ ብሄድስ?» ብሎ ከራሱ ጋር ተማከረ። ከዚያ ያቺን «ለእኔ አትድከም» የምትል መልእክት አሰባት፤ ለታክሲው ነጂ የወንድሙን ሰፈር ነገረው።

በሩን የከፈተው ዘለቀ ራሱ ነው። የወንድሙን ፊት አላየም፤ ሻንጣውን ነው ያየው።

«ምነው፣ ሆቴሉ ሞላ እንዴ?»

«አልጠየቅሁም፣ ጋሼ።»

«ነጥብህስ?»

«ይቅር። እዚህ ላድር ነው የመጣሁት። ካሳደርከኝ።»

ዘለቀ በሩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ «እናንተ ልጆች! ምን ትጋደማላችሁ፣ ተነሱ እንጂ! እንግዳ መጥቶብኛል!» ብሎ ጮኸ። እልል የሚል ሰው እንኳ እንደዚያ አይጮህም። ደባሎቹ ተሯሯጡ፤ አንዱ ሥጋ ሊገዛ ወጣ፣ ያ ቀልደኛው ሳይታዘዝ ሽንኩርት መላጥ ጀመረ። አጥናፉ መሃል ተቀምጦ የአገሩን ወሬ አወራ፤ ዘለቀ እንደ አዲስ ሙሽራ ሚዜ ከአጠገቡ አልተነሳም። ያልተጠበቀ እንግዳ ነውና ባዶ አልጋ አልነበረም። ወንድማማቾቹ አንዲት ጠባብ አልጋ ላይ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ ሆነው አደሩ።

ጠዋት ሻይ ሲጠጡ አጥናፉ የፈራውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ያኔ ከሆቴሉ ባንድ ቀን የወጣኸው ለምንድን ነው? የበደሉህ ነገር አለ?»

«ኧረ የለም! ጌታዬ፣ ጌታዬ ነው የሚሉኝ።» ዘለቀ ብርጭቆውን በእጁ አዟዟረው። «ቁርስ ላይ አስተናጋጁ መጣና ‹የሚመጣ ሰው አለ?› አለኝ። ‹አዎ፣ ወንድሜ ይመጣል› አልኩት። ለምን እንዳልኩ እንጃ፤ እንደማትመጣ አውቃለሁ። ልጁ ሁለተኛ ወንበር አቀረበ፣ ሁለተኛ ሰሃን አስቀመጠ። ሰው ሁሉ በልቶ እስኪወጣ ድረስ እሱን ሰሃን ሳይ ቆየሁ። በኋላ ልጁ መጥቶ ዝም ብሎ አነሳው። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።»

አጥናፉ ከተቀመጠበት ተነስቶ የወንድሙን ጉልበት ሳመ። ዘለቀ «ተው፣ ምን ማለትህ ነው፤ ሻይህን ጠጣ» ይለዋል፤ እሱ ግን ቀና ማለት አቅቶት እዚያው ጉልበቱ ላይ አለቀሰ።

የወርቅ ደረጃውም ተነሳ። ነጥብ መሰብሰብ ነውር አይደለም፤ ከኮሚሽን መሸሽም ብልህነት ነው፤ ማንም ሰው ገንዘቡን በከንቱ አያፍስስ። ግን ስንቶቻችን ነን፣ ለምንወዳቸው ሰዎች ለእኛ መስጠት የሚቀለንን እየሰጠን፣ ሳይደርሳቸው ሲቀር «ውለታ ቢስ» የምንላቸው? ስጦታ የሚለካው ከሰጪው እጅ ሲወጣ አይደለም፤ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ነው። ራሳችን በምንፈለግበት ቦታ ደግሞ ምንም ዓይነት ስጦታ እኛን ተክቶ አይደርስም።

እስቲ አሁን፣ ይህን በምታነቡበት ሰዓት፣ «ይመጣል» ብሎ ሁለተኛ ወንበር አስቀርቦ እናንተን የሚጠብቅ ሰው ማን ነው?