ሞተር የሚበላው ጥግ

አንድ ሰው ነበረ፤ መድኃኒት ቤት ነበረው፤ ከሥራ መልስ የሚያበርራት ትንሽ ድሮንም ነበረችው።

ቆይ አንዳርጌ፣ አታቋርጠኝ። ያመጣኸውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተወውና ስማኝ። ርዕሰ መምህር ሆንክም አልሆንክ እኔ ቤት ስትመጣ ያው ተማሪዬ ነህ። «ጋሼ፣ ሰባተኛ ‹ለ›ን የሚችል የሒሳብ መምህር አጣሁ። ዘንድሮ ሁለት አሰናበትኩ፤ እታገኝ ሦስተኛዋ ናት፤ እሷም አልሆነችም። የስንብት ደብዳቤዋን ልፈርም ወይስ ልታገሣት?» ነው ያልከኝ። መልሱን እኔ አልሰጥህም። ይሄ ባለመድኃኒት ቤት ይሰጥሃል።

ድሮኗ መዳፍ ነው የምታክለው። አራት ጥግ አላት፤ በየጥጉ አንድ አንድ ሞተር። አንድ ቅዳሜ ሰውየው ኳስ ሜዳ ላይ ሲያበርራት ከግብ ቋሚ ጋር ተላተመችና የፊት ግራ ሞተሯ ተሰበረ። ሌሎቹ ሦስቱ ምንም አልሆኑም። እሱም ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጥ ወዳጁ አዲስ ሞተር ገዛ። ተራ ወዳጅ እንዳይመስልህ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱ ያለ ሌላው ምሳ በልቶ አያውቅም።

ከሞተሩ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ፤ እነሱ በቀለጠ እርሳስ የድሮኗ ሆድ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ከቦርዱ ጋር ይበየዳሉ። ሰውየው ራሱ በየዳቸው። ከዚያ ጣቱን እንዳይቆርጡት ሞተሮቹ የሚያዞሯቸውን ክንፎች አውልቆ ሲያስነሣት ሦስቱ ነባር ሞተሮች ዞሩ። አዲሱ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዞረም።

ሄዶ «የሰጠኸኝ ሞተር የሞተ ነው» አለ። ወዳጁ ሳያንገራግር ሌላ ሰጠው። እሱንም በየደው፤ እሱም ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሞተዋል ያላቸውን ሁሉ ባዶ የክኒን ዕቃ ውስጥ አጠራቀማቸውና፣ በሦስተኛው ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ደንበኛ እየሰማ፣ «አንተ አጭበርባሪ! ለእኔም ጥራጊ ትሸጥልኝ?» አለው።

ሻጩ ክው አለ። «ኧረ በእግዜር! እስቲ ድሮኗን አምጣትና አብረን እንያት» ቢለው፣ «አንተን ብሎ አዋቂ!» ብሎት ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳው ቀረ፤ ሰላምታውም ቀረ። እኔ ይሄን ስሰማ አንጀቴ ነው ያረረው። አሥራ አንድ ዓመት ጥፍር ለማታክል ሞተር!

አንድ እሑድ ከሰዓት ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ድሮኗን አየችና፣ «ቆይ እንጂ፣ ይሄ ጥግ ሞተር ይበላል እንዴ?» ብላ ቀለደችበት። እሷ ስቃ ወደ ልብሷ ተመለሰች። እሱ ግን ባለበት ቀረ። ሦስት ሞተር ሞተ ይላል፤ ሦስቱም የሞቱት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ሞተሩ ነው እንጂ ስለ ቦታው ጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አሁን ዓይኑ እያየ ሲሽከረከር የነበረውን የኋላ ቀኝ ሞተር ነቀለና ያ ጥግ ላይ በየደው። ንዴቱ የት እንደገባ እንጃ፤ የማወቅ ጉጉት ብቻ ነው የያዘው። ችግሩ ሞተሩን ተከትሎ ይሄዳል ወይስ ቦታው ላይ ይቀራል? አስነሣት። ደህናው ሞተር ተንቀጠቀጠ!

አንዱን ሽቦ በጣቱ ሳብ አደረገው። ሽቦው ከነእርሳሱ እንደ ደረቀ ቅርፊት ተላቆ እጁ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለው የቦርዱ መዳብ እርሳስ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም፤ ንጹሕ ነው። ለካስ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት በጠብታ ሲለካ የኖረ እጅ፣ እርሳሱንም በጠብታ ኖሯል የሚያንጠባጥበው። ቦርዱን እንዳያቃጥል ፈርቶ የመበየጃ ካውያውን አያስጠጋውም። ከላይ ያቀልጥና ጠብ ያደርጋል። እርሳስ ደግሞ የሚይዘው የሞቀ ቦታ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ላይ ሲወድቅ ክብ ሆኖ ይረጋና ለሚያየው የተያያዘ ይመስላል፤ ግን አልያዘም።

እንደገና በየደ። አሁን ካውያውን ሳይፈራ አስጠግቶ መዳቡንና ሽቦውን አንድ ላይ አሞቃቸው፤ እርሳሱን ያስነካው ከዚያ በኋላ ነው። እርሳሱ ራሱ ሰርጎ ገባ። ሞተሩም ዞረ። ከዚያ እነዚያን ሦስቱን ከክኒን ዕቃው አውጥቶ ተራ በተራ ሞከራቸው። ሦስቱም ዞሩ። አንዳቸውም ሞተው አያውቁም።

ደስ ሊለው ሲገባ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻገረ። እዚያው በር ላይ፣ ደንበኛ እየሰማ፣ «ሞተሮቹ ደህና ናቸው። አጥፊው እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አለ። ወዳጁ «እኔ የሸጥኩልህ ሞተር ነው፤ እጅ አልሸጥኩልህም» አለውና ወንበር ሳበለት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ አንዳርጌ። ያንተ ጥግ ሰባተኛ ‹ለ› ናት። ሦስት መምህር አንድ ክፍል ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየህ አንድ ቀን እንኳ ስለ ክፍሉ አልጠየቅህም። አንተ ራስህ የሒሳብ ሰው ነህ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩህ፤ ጎበዝም ነበርክ። እንግዲያው ሰኞ ጠመኔህን ይዘህ አንተ ግባ። አንድ ሳምንት አስተምር። ክፍሉ ከተቃናልህ ችግሩ እታገኝን ተከትሎ የሚሄድ ነውና ተመልሰህ ፈርም። አንተም እዚያ ቆመህ ከተንቀጠቀጥክ ግን ወንድሜ፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም።

ሌላም ልጠይቅህ። እታገኝን ስትመድባት ክፍሉ ድረስ ይዘሃት ገብተህ «መምህራችሁ ይቺ ናት» ብለሃል? ከተማሪዎቹ ጋር እስክትላመድ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጠሃል? ወይስ ስሟን የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ላይ ጠብ አድርገህ ቢሮህን ዘጋህ?

እንግዲህ እነዚያ የሄዱት ሁለቱ ደህና መምህራን ይሁኑ አይሁኑ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሦስቱንም የበየደው እጅ አንድ ነው። ያ እጅ ደግሞ ይኸው አሁን እስክሪብቶ ይዟል። አስቀምጠው፣ ልጄ።