እጠቡት፣ አጥብቁት፣ ቀቡት

በአንድ ወቅት፣ አሰብ ላይ፣ የማዕበሉ ድምፅ እስከ ማጀት በሚሰማበት ሰፈር፣ መሬማ የምትባል የወሎ ሴት ትኖር ነበር። ሦስት ወንዶች ልጆችና ይመር የሚባል ባል ነበሯት፤ ይመር ደግሞ አንዲት ፒካፕ መኪና ነበረችው። ቤቱ የቆመው በዚያች መኪና ነው። ዓሣም ጫነች በረዶ፣ የሰው ጓዝም ጫነች ሲሚንቶ፣ ማታ ስትመለስ የቤቱን ጉርስ ይዛ ነው። የምታድረውም ከቤቱ ጎን ባለ ጋራዥ ውስጥ፣ ባለ ሁለት ተካፋች የላሜራ በር ተዘግቶባት ነበር።

የደጋ ሰው «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብሎ ይመክራል። የአሰብ ጨው ምክር የሚሻ አይደለም። ከባሕር ተነሥቶ በአየር ይመጣል፤ ከንፈር ላይ ያርፋል፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ከሁሉ አብልጦ ግን ብረት ይወዳል። ሌሊት ከእርጥበቱ ጋር ላሜራው ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ፀሐይ እርጥበቱን ስታነሣው እሱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከነጩ ሥር ቀዩ ዝገት ሥራውን ይሠራል። በሰፈሩ ውስጥ በሩ እንደ ብስኩት ተፈርፍሮ ያልወደቀበት ሰው ጥቂት ነው። የይመርም በር ከታችኛው ጫፉ መበላት ጀምሮ ነበር።

ይህ በሆነበት ሰሞን ይመር ታሞ ተኛ። እንደማይነሣ ሲያውቅ ልጆቹን ጠራ። ጥርሶቹ ካለቁ ቆይተዋል፣ ሳሉም ፋታ አይሰጠውም፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ንግግሩ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ባሕሩ በሩን እየበላው ነው። በሩ ከወደቀ መኪና የለም፤ መኪና ከሌለ ቤት የለም። መኪና ደግሞ እንደ ዳቦ ለሦስት አትቆረስም። በዓመት ሰደቃዬ ዕለት፣ ቃሌን ለፈጸመው እናታችሁ ቁልፉን ትስጠው።»

ከዚያ ዋናውን ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ። ሳሉ ያዘው። በሳሉ መሐል አንዲት ቃል ጣል አደረገ፤ ከዚያች ወዲያ አልተናገረም።

ያቺን አንዲት ቃል ነው እንግዲህ ሦስቱ ልጆች ሦስት አድርገው የሰሟት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ እያንዳንዱ የሰማው የገዛ ሙያውንና ልማዱን ነው።

የበኩሩ አራጋው ወደብ ላይ የመርከብ ወለል አጣቢ ነበር። «አባዬ ያለው "እጠቡት" ነው» አለ፤ በአላህ ማለ። ጨውን ከብረት የሚያወርደው የሚጠጣ ውሃ ብቻ እንደ ሆነ መርከበኛ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ በሩን ከላይ እስከ ታች፣ ማጠፊያው ሳይቀር፣ አጥቦ በጨርቅ ይወለውላል። መልካም። ግን በዚያ ሰፈር የሚጠጣ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው። መሬማ ሻይ ልትጥድ በርሜሉን ስትከፍት፣ ኩባያዋ ከበርሜሉ ወለል ጋር ይጋጫል።

«አራጋው፣ እኔስ?» ትለዋለች።

«እማ፣ የአባዬ ቃል እኮ ነው» ይላታል። በሩ ይጠጣል፣ እሷ ትጠማለች።

ሁለተኛው፣ ሙሄ፣ ደሴ ከተማ አያቱ ዘንድ ያደገ ነው። ደሴ ብርድ ነው፤ እዚያ ያደገ ሰው ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ እያየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሙሄም አሰብ ወርዶ፣ ላብ በጀርባው እየተንቆረቆረ፣ የአውቶቡስ መስኮት ያዘጋል። «አባዬ ያለው "አጥብቁት" ነው» አለ። ጨው እግር የለው፤ የሚያመጣው ነፋሱ ነው፤ ነፋሱን የከለከለ ጨውን ከለከለ። አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ እየቀደደ የበሩን ዙሪያ በላስቲኩ ለበጠ፤ ከሥሩ ወፍራም የጎማ ቁራጭ ቸነከረ፤ ቡሎኑን ሁሉ አጠበቀ። ይህም መልካም። ግን መሬማ ከሰዓት በኋላ በሩን በርግዳ፣ ከመኪናዋ ጎን ምንጣፍ አንጥፋ የምትቀመጠው፣ በዚያ ቤት ነፋስ የሚደርሳት እዚያች ቦታ ብቻ ስለ ነበር ነው።

«ልጄ፣ መተንፈሻዬን እኮ ደፈንከው!»

«ብርድ ይመታሻል እማ» አላት። አሰብ ላይ! በሰኔ!

የመጨረሻው እንድሪስ ጀልባ ቀቢ ነው። «ሁለታችሁም ጆሮ የላችሁም፤ አባዬ ያለው "ቀቡት" ነው» አለ። ብረት ባሕር ዳር ራቁቱን አይቆምም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ከሥር ቀዩን የዝገት መከላከያ፣ ከላይ ሰማያዊውን የጀልባ ቀለም ቀባ፤ ማጠፊያውን ግራሶ አጠጣው። ይኸም ከመልካም በላይ መልካም። ግን በዚያ እርጥበት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ደረቀ ሲባልም ሌላ ይደርብበታል። በዚያ ዓመት መሬማ ቀይ ያልነካው ሻሽ አልነበራትም፤ እራቷ ሳይቀር ቀለም ቀለም ይላል።

«እኔንስ መቼ ነው የምትቀባኝ?» አለችው አንድ ቀን፣ ንድድ ብሏት።

«አንቺ እኮ አትዝጊም፣ እማ» አላት እየሳቀ።

እያንዳንዱ ለብቻው ቢሠራ ደግ ነበር። ግን በሩ አንድ ነው። እንድሪስ የቀባውን ሳይደርቅ አራጋው ያጥበዋል፤ አራጋው ያጠበውን ሳይደርቅ ሙሄ ያሽገዋል፤ ሙሄ ያሸገውን ላስቲክ እንድሪስ ከነበሩ ይቀባዋል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። «ደንቆሮ!» ይላል አንዱ፤ «ደንቆሮስ አንተ!» ይላል ሌላው። ወላድ በድባብ ትሂድ ይባላል፤ መሬማ ድባቡ ይቅርባትና ግማሽ ቀን ጸጥታ ያገኘች እንደ ሆነ ምንኛ በወደደች! መጀመሪያ በአንድ ትሪ መብላት ተዉ፤ ቀጥሎ ሰላምታ ተዉ። በሩ ቢወድቅ እንኳ ያን ያህል ባልቆጫት፤ ያቃጠላት የልጆቿ መኳረፍ ነው። መኪናዋም ባለቤቷ እስኪለይ ቆማ፣ ቁልፏ በመሬማ ጉያ ከረመ።

የሰደቃው ዕለት ደረሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አደም ዱዓ አደረጉ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ከዚያ ሼሁ «በሉ፣ በሩ ይከፈትና ሥራችሁ ይታይ» አሉ።

በሩ አልከፈት አለ። ቀለሙ ላስቲኩን፣ ላስቲኩ መቃኑን ይዞታል። ጎረቤቱ ሳቁን በእጁ ሸፈነ፤ መሬማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሦስቱ ወንድማማቾች ተያዩ። ስንት ጊዜ ተኳርፈው ከርመው፣ በዚያች ሰዓት አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ሠራ። አራጋው ሙቅ ውሃ አምጥቶ ስንጥቁ ላይ አፈሰሰ። ሙሄ ስንት ቀን የደከመበትን ጎማ በገዛ እጁ ነቀለ። እንድሪስ ያሳመረውን ቀለም በመቧጠጫ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። በሩ ተከፈተ።

መኪናዋን ዝገት የሚባል አልነካትም። ላሜራውን ሼህ አደም በከዘራቸው ቢያንኳኩት ድምፁ ሙሉ ነው። በዚያ ዓመት ከሰፈሩ በር ሁሉ ባሕሩ ያልበላው እሱን ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ።

«ጨው ሳይታጠብ ቀለም ቢደርቡበት ከሥር ከሥሩ ይበላ ነበር» አለ አራጋው።

«ነፋሱ ገብቶ ቢሆን፣ በሩ ቢተርፍ እንኳ መኪናዋ አትተርፍም ነበር» አለ ሙሄ።

«ብረቱ ራቁቱን ቢሆን፣ ያንተው ውሃ ነበር የሚበላው» አለ እንድሪስ።

ሼህ አደም ጢማቸውን ዳበሱ። ሦስቱም እውነት ሆነባቸው። በመጨረሻ ወደ እናትዮዋ ዞሩ። «መሬማ፣ አንቺ ራስጌው ነበርሽ። ምንድን ነው ያለው?»

እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«"ጠብቋት" ነው ያለው» አለች።

«ማንን?» አለ ሙሄ።

መሬማም ስታወጣ ስታወርድ የከረመችው ይህንኑ ነው። በሩን እንዳይባል፣ በር ቢሆን «ጠብቁት» ባለ። መኪናዋን ይሆን ብትል፣ ሊሆን ይችላል፤ ይመር ፒካፑን እንደ ሰው ነበር የሚያነሣት፤ «እሷ ዛሬ ደክሟታል»፣ «እሷን ፀሐይ ላይ አታቁሟት» ይል ነበር። ሚስቱንም ለሰው ሲያነሣ ያው «እሷ» ነው የሚላት፤ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። አይ ይመር! ስንት ዘመን አብረውት ኖረው፣ የመጨረሻ አደራው ለሚስቱ ይሁን ለመኪናው የማይታወቅ ሰው! ከፍ አድርጋ «እኔን ነው» እንዳትል፣ ልጆቿን ጠብቁኝ ብሎ መለመን አንገቷን ይሰብረዋል። «መኪናዋን ነው» እንዳትል፣ አፏ አልታዘዝ አላት።

«መኪናዋን ከሆነ» አለች በመጨረሻ፣ «ይችውና፤ ሦስታችሁም ጠብቃችኋታል። እኔን ከሆነ ግን ውሃዬን ማን እንዳፈሰሰው፣ ነፋሴን ማን እንደዘጋው፣ ሻሼን ማን እንዳቀላው ታውቃላችሁ።»

ቁልፉን ከጉያዋ አወጣች። ሦስት እጆች ወደ እሷ ተዘረጉ፤ የአንዱ ውሃ ይንጠባጠባል፣ የአንዱ በጎማ ጠቁሯል፣ የአንዱ ሰማያዊ ነው። ሦስቱም ቀና ብለው ሊያዩዋት አፍረው ቁልፉን ቁልፉን ያያሉ።

እናንተ ሰሚዎች፣ እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። ይመር አደራ ያለው ማንን ነው? ቁልፉስ ለማን ይገባል፦ በሩን ላጠበው፣ በሩን ላጠበቀው፣ በሩን ለቀባው፣ ወይስ አንድ ሰው እስኪጠይቃት ድረስ ዓመት ሙሉ ለጠበቀችው?