የቃል ድንጋይ

ከሰንበሌጥ አፋፍ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ገደሉን ሊጀምር ሲል፣ በስተግራ በኩል፣ ካንድ ያረጀ ወይራ ስር፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። የአገሩ ሰው «የቃል ድንጋይ» ይለዋል። ገበያ ወራጁም ሆነ ከገበያ ተመላሹ እዚያ ሲደርስ ከስንቁ ቁራሽ ቆርሶ ድንጋዩ ላይ ያኖርና አንድ ቃል፣ አፉ ላይ የመጣለትን ማንኛውንም ቃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። አንዱ «ማር» ይላል፣ አንዱ «ተነሥ» ይላል፣ አንዱ የሞተች እናቱን ስም ይጠራል። ከዚያም ጥቂት ቆም ብሎ ድንጋዩን ያያል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል፤ ምክንያቱን ከሰማ በኋላ ግን እሱም ስንቁን መፍታቱ አይቀርም።

የአፋፉ ሽማግሎች ሲያወርሱት እንደመጡት ከሆነ፣ የከብት ሌባ ከቆላ እየወጣ አገሩን መድረሻ በሚያሳጣበት በዚያ ዘመን፣ ድንጋዩ ያለበት ቦታ የአንድ ገበሬ ደጅ ነበር። ገበሬው ጓንጉል ይባላል። ንግግሩ አጭር፣ ፊቱ ቶሎ የማይፈታ፣ ከሰው ይልቅ ከከብቱ ጋር የሚስማማ ሰው እንደነበረ ይነገርለታል። ዳማ የምትባል ውሻ ነበረችው፤ እሷ ባለችበት በረት ሌባ ዝር ብሎ አያውቅም ነበር። አንድ ማለዳ ግን በረቱ ባዶውን፣ ዳማም አፏ ላይ አረፋ ደርቆ፣ ተጋድማ ተገኘች። የተመረዘ ሥጋ አብልተዋት ነው።

መንደሩ ያዘነው ለበሬዎቹ ነበር። ጓንጉልን የቆረቆረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዳማ ሳትጮኽ መሞቷ። ካልጮኸች የመረዛትን ሰው ታውቀዋለች ማለት ነው፣ የምታውቀው ሰው ደግሞ ጎረቤት ነው ብሎ አሰበ፤ ጎረቤቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። እሱም በአጥር የሚዋሰነው ቢሻው፣ በልቶ በተነሣ ቁጥር ለዳማ ቁራሽ መወርወር የማይረሳው ደግ ሰው ነው። ቢሻው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ እጄ የለበትም ብሎ ማለ። ሽማግሎቹም መሐላውን ተቀበሉ። ጓንጉል ግን «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ብሎ ነጠላውን አራግፎ ተነሣ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤቶች እሳት እንኳ አልተጫጫሩም።

ብዙም ሳይቆይ ጓንጉል አንድ ቡችላ አመጣ። በዚያ አገር ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን በውሻው ስም ይለዋልና፣ ቡችላውን «ማንን ላምን» አለው። ጧትና ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ «ማንን ላምን! ና ማንን ላምን!» እያለ ሲጣራ ቢሻው ከወዲያ ሆኖ ይሰማል፤ እየሰማም አንገቱን ይደፋል።

የጓንጉል ሚስት ትርንጎ ትባላለች። ፈጣሪ ልጅ አልሰጣቸውም ነበር። ቡችላው ገና ዓይኑ ሳይጠነክር ከእናቱ የተለየ ስለነበረ በጣቷ ወተት እያጠባች ያሳደገችው እሷ ናት፤ የሚተኛውም ቀሚሷ ላይ ነበር። ከሆዷ የወጣ ያህል ወደደችው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥርሱ ሲጠና ጓንጉል አንድ ቀን ሙዳ ሥጋ አምጥቶ «እንኪ፣ ዛሬ አንቺ አብዪው» አላት። ደስ ብሏት ተቀበለችና ዘረጋችለት። ቡችላው ጎረሰ፤ ጎርሶም እንደ ሰው ልጅ ጮኸ። ጓንጉል ሥጋውን ሰንጥቆ ሚጥሚጣ ሞልቶበት ኖሯል። ቡችላው አፉን አፈር ላይ እያሻሸ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ትርንጎ ራሷን ይዛ፣ «ኧረ አያ ጓንጉል! ይሄ እንስሳ ምን በደለህ? ምነው በኔ እጅ?» አለች።

«አንቺን ካመነ ሌላውንም ያምናል» አላት። «ዳማን የገደላት መርዙ መስሎሻል? ማመኗ ነው የገደላት።»

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን አላበቃም። ጓንጉል ሚጥሚጣውን ከእንጀራ ጋር፣ ከአጥንት ጋር፣ ከቅቤ ጋር እያደረገ፣ ከሁሉም ሰው እጅ፣ ከሁሉም ይልቅ ግን ከትርንጎ እጅ አስቀመሰው፤ መሬት የወደቀ እንዳያነሣም በየመንገዱ ጣለበት። ትርንጎ የመጀመሪያውን ሳታውቅ ሰጠችው፤ የቀረውን ግን እያወቀች፣ ፊቷን አዙራ ሰጠችው። የባሏን ቃል አላፈረሰችም፤ እምቢ አላለችም። ይህ ነገር እስከ ዕለተ ሞቷ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀረ ይባላል። ውሻውም መጀመሪያ አሽትቶ መተውን፣ ኋላም ሳያሸት ፊቱን ማዞርን ተማረ፤ በመጨረሻ እጇን ስትዘረጋ ገና ጅራቱን ቆልፎ ይወጣ ጀመር። ማደሩ ግን ያው ከእግሯ ሥር ነበር፤ ይወዳታል፣ እጇን ግን አያምንም።

የሚበላው በአንድ መንገድ ብቻ ሆነ። ጓንጉል ምግቡን ደጅ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኖራል፤ ውሻው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፤ ጓንጉል አፉን በጋቢው ጋርዶ ወደ ጆሮው ዝቅ ይልና አንድ ቃል ያንሾካሹክለታል። ያኔ ይበላል። ቃሉ ምን እንደሆነ የጠየቀው ብዙ ነው፤ መልሱ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚል ነበር።

ትርንጎም አንድ ቀን «ለኔስ?» አለችው።

«ዝም አይነቅዝም» አላት።

ብልሃቱ አልሠራም እንዳይባል ሠርቷል። በረቱ ደግሞ ከብት ሲገባበት ሌቦቹ ዳግመኛ መጥተው ሥጋ ወረወሩ፤ ማንን ላምን ሥጋውን ተራምዶ የሌባውን ባት ያዘ። የሰንበሌጥ አፋፍ ሰው ጉድ አለ። ከሩቅ መንደር ሊያዩት የሚመጡ ነበሩ፤ ድንጋዩ ላይ ጥብስ አስቀምጠው፣ ለሐጩ እየተዝረበረበ ሳይነካው ሲቀር ያጨበጭባሉ። «እንዲህ ነው ውሻ!» ይላሉ። ጓንጉል በሕይወቱ የሳቀው ያን ሰሞን ነው ይባላል።

መከር በገባ ጊዜ፣ በአንድ ጠራራ ቀትር፣ ጓንጉል ከአውድማ ተመልሶ እንደ ልማዱ የውሻውን ድርሻ ድንጋዩ ላይ አኖረ። ጋቢውን ወደ አፉ ሰበሰበ፣ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ሲያነሡት ቀኝ ጎኑ በድን ሆኗል፣ ምላሱም ተሳስሯል። ሰው ሁሉ እሱን ተሸክሞ ወደ ቤት ሮጠ፤ ጠበል ያመጣ አመጣ፣ ያለቀሰ አለቀሰ። ውሻውን ያስታወሰው አልነበረም። ትርንጎ ግርግሩ ጋብ ሲል ወደ ደጅ ብትወጣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ምግብ ጉንዳን ወርሶታል፤ ማንን ላምን ጥላው ሥር ተቀምጦ በሩን ያያል። ያኔ ነገሩ ገባት፤ ቃሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

«ብላ» አለችው። «በል ብላ። እንካ። ና።» ከዚያ ጋቢውን አምጥታ እንደ ባሏ አፏን ጋርዳ፣ የጸሎት ቃል፣ የቅዱሳን ስም፣ የእህል ስም፣ የከብት ስም እያለች አንሾካሾከችለት። ውሻው ጆሮውን ወደ አፏ አስጠግቶ በትዕግሥት ይሰማታል፤ ጨርሳ እጇን ወደ ምግቡ ስታሳየው ፊቱን ያዞራል። ወንዝ ወርዶ ውኃ ይጠጣል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ከድንጋዩ በቀር የሚያውቀው ገበታ አልነበረውም።

ወሬው ሲዛመት መንደሩ ተሰበሰበ። ትናንት ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ዛሬ በየተራ እየተንበረከከ ቃል ይሞክር ጀመር። ቢሻውም መጣ፤ ከጠቡ ወዲህ ያን አጥር ሲሻገር የመጀመሪያው ነው። ከበጎቹ አንዱን አርዶ ጉበቱን በቅጠል ይዞ ነበር።

«እትዬ ትርንጎ፣ ግባ ካልሽኝ ልግባ» አለ።

«ግባ፣ አያ ቢሻው። ምን ቀረን ብለህ!»

ቢሻው ጉበቱን ድንጋዩ ላይ አኖረ፤ ውሻው አላየውም። መንጋጋውን ይዞ ወተት ሊግተው ሞከረ፤ ጥርሱን ገጥሞ ወተቱን በአፉ ጠርዝ አፈሰሰው። አልነከሰውም። ቢሻው እጁን በጋቢው ጠርጎ፣ «ይሄስ ከጌታው ቃል አይወጣም» ብሎ ተቀመጠና አለቀሰ።

በመጨረሻ ጓንጉልን ከነአልጋው አወጡት። ውሻው ሲያየው ተነሣ፤ ሲበዛ ከስቶ ስለነበር ሲነሣ ወገቡ ይንገዳገዳል። ትርንጎ ባሏ ራስጌ ተንበርክካ «አያ፣ እኔ ልጥራልህ። ቃሉ ላይ ስደርስ ዓይንህን ጨፍንልኝ» አለችው። ከዚያ ቃል ትደረድር ጀመር። ጓንጉል ዓይኑን እንዳፈጠጠ ይሰማል። ብዙ ጠርታ ብዙ አልፋ፣ ድምፅዋ ሊዘጋ ሲል «ዳማ ነው?» አለች። የጓንጉል ዓይን እንባ ሞልቶ ተጨፈነ። ሰው ሁሉ እሰይ አለ፤ ትርንጎ ጋቢውን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውሻው ጆሮ ሮጠች። «ዳማ» አለችው። ውሻው ፊቷን አየ። «ዳማ፣ ዳማ፣ ዳማ!» ምግቡን ግን አልነካም። ቃሉ ያ ሆኖ ድምፁ ነው የጎደለው፣ ወይስ ጓንጉል የጨፈነው እንባው አስገድዶት ነው? ሽማግሎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ያኔ ጓንጉል ራሱ ሞከረ። የአንገቱ ሥሮች ተገታተሩ፣ አፉ ወደ ጎን ተጣመመና «እ… እእ…» የሚል ድምፅ ወጣው። ማንን ላምን ጆሮው ቆመ። ድንጋዩ ላይ ያለውን አየ፣ የጌታውን አፍ አየ፤ አፍንጫውን ወደ ምግቡ አስጠጋና ጠበቀ። ጓንጉል ደግሞ «እእ…» አለ። ውሻው ጅራቱን አንድ ጊዜ ወዘወዘ፤ ቀሪውን ጠበቀ። ጓንጉል ላብ አጠመቀው፤ ቃሉ ግን አልመጣም። ጨነቀውና በደህናው እጁ ምግቡን ወደ ውሻው ገፋው፤ ውሻው የተማረው እጅ ማየት አልነበረምና የጌታውን አፍ እያየ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ አገጩን ድንጋዩ ላይ፣ ከሥጋው አጠገብ አኖረ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

በዚያ አገር ውሻ አይቀበርም፤ ወደ ገደል ይጣላል። ቢሻው ግን ማንንም ሳይጠይቅ መቆፈሪያ አምጥቶ ድንጋዩ ሥር ቀበረው ይባላል።

ጓንጉል ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ኖረ። መናገር አልቻለም፤ ትርንጎ እያጎረሰችው ኖረ። በጎረሰ ቁጥር እንባው ይወርዳል፤ እሷ ጠርጋለት ደግማ ታጎርሰዋለች። በዚያ ሁሉ ዘመን የወቀሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው ይላሉ፤ ያውም በለሰለሰ ድምፅ። «አንተማ በላህ» አለችው።

እሱ ቃሉን ይዞ ሲሞት እሷ ወደ ድንጋዩ መመላለስ ጀመረች። በየማለዳው ቁራሽ ታኖራለች፣ አንድ ቃል ትላለች፣ ቆም ትላለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ምን ይረባል?» ቢሏት፣ «እንደማይረባ እኔም አውቃለሁ። ሳላውቀው ልሙት ታዲያ?» ትል ነበር። የምታውቃቸው ቃላት ሲያልቁባት መንገድ ዳር ተቀምጣ መንገደኛውን ሁሉ «እስቲ አንድ ቃል አውሰኝ» ማለት ያዘች። ገበያተኛው እያዘነላት አንዳንድ ቃል እያለላት አለፈ። ሳታገኘው ሞተች።

ዛሬ በሰንበሌጥ አፋፍ ቡችላ የገባበት ቤት ሁሉ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚያጎርሰው ባለቤቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው፤ ባለቤቱም ውሻውን በምን ቃል እንደሚያበላ በአጥሩ ላይ ጮክ ብሎ ይናገራል። ወይራው ሥር ያለፈ መንገደኛም ቁራሹን አኑሮ ቃሉን ይላል። የልጅ ስም፣ የወንዝ ስም፣ የፍቅር ቃል፣ የስድብ ቃል፣ ሰው በአፉ ሊለው የሚችለው ሁሉ ለዚያ ድንጋይ ሳይባል አልቀረም። ብሎም ትንሽ ይጠብቃል። ከድንጋዩ ሥር የሚነሣ የለም፤ መንገደኛው ስንቁን ቋጥሮ ይወርዳል፤ ቁራሹን ጉንዳን ይወስደዋል።